የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ተለይተው ስለ ነበር፥ የእንግሊዝ መኰንኖች በሕፃንነታቸው ወደ ሕንድ ወሰዷቸው። በዚያም ቻርልስ ማርቲን ተብለው የሕክምና ትምህርት ተማሩ፤ በቡርማም በሐኪምነት አገለገሉ። የአባቶቻቸውን ቋንቋ ግን ረስተውት ነበር።

ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ቢመጡ፥ አያታቸው በገላቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለይተው ዐወቋቸው። ከዚያ ወዲህ የጠፋባቸውን አማርኛ እንደ ሕፃን እንደ ገና ተምረው፥ ሕሙማንን ከማከም ሌላ የዓለምን ጂኦግራፊ ለወገኖቻቸው በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በአስተዳዳሪነት መርተዋል። በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

አንባብያን ሆይ፥ መክሊትን በባዕድ አገር የተቀበለ ሁሉ በዚያው አይቅበራት፤ ወደ ወገኑ መልሶ ያትርፍባት።