ጆን ኤድመንስተን፦ ዳርዊንን ሙያ ያስተማረው የቀድሞ ባሪያ

ቻርልስ ዳርዊን በ1826 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ ከፕሮፌሰሮቹ ሌላ አንድ መምህር ነበረው። ይህ ሰው እንደ ዳርዊን በሎዝያን ጎዳና ይኖር የነበረ ጥቁር ባለሙያ ሲሆን፣ የሞቱ አእዋፍን ቆዳ ገፎ ሕያው መስለው እንዲቆዩ በማዘጋጀት ይተዳደር ነበር። ለሁለት ወራት በየቀኑ አንድ ሰዓት ለማስተማር የጠየቀው አንድ ጊኒ፣ ማለትም 21 ሺሊንግ ብቻ ነው።

ጆን ቀደም ሲል በደመራራ፣ በዛሬዪቱ ጉያና፣ የቻርልስ ኤድመንስተን ባሪያ ነበር። ለእኛ የአባት ስም የሚመስለን ኤድመንስተን የጌታው ስም ነው። ሙያውን ያስተማረው የጌታው ወዳጅ፣ የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዋተርተን ነው። ዋተርተን ቆዳውን ከሜርኩሪ የሚገኝ መርዛማ ጨው በተበጠበጠበት አልኮል ነክሮ፣ ያለ ሽቦ ቅርጹን ያስይዝ ነበር። ጆን በ1817 ከጌታው ጋር ወደ ስኮትላንድ መጣ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባርነት በስኮትላንድ ሕግ ድጋፍ እንደሌለው በ1778 ወስኖ ነበር። ጆንም ነፃ ወጥቶ ከጌታው ተለየ፤ በመጀመሪያ በግላስጎው፣ ቀጥሎም በኤዲንብራ ሙዚየም ተቀጠረ።

ስለ ችሎታው ሁለት ምስክሮች አሉ፤ አይስማሙም። ዋተርተን በ1825 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጆንን ትምህርት የማይገባው፣ ብዙ ትዕግሥት የጠየቀ ተማሪ አድርጎ ያቀርበዋል። ዳርዊን ግን በእርጅናው በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ዘወትር አብሮት ይቀመጥ እንደነበር፣ ጨዋታው ደስ የሚያሰኝና አስተዋይ እንደነበረም ይመሰክራል። በእኔ ግምት የዋተርተን ፍርድ የሚመዝነው ባሪያውን እንጂ ባለሙያውን አይደለም፤ ዋተርተን ራሱ እዚያው ገጽ ላይ ሁለት ሙዚየሞች ጆንን እንደቀጠሩት ይነግረናልና።

ዳርዊን መምህሩን ቢያመሰግንም በስሙ አልጠራውም። ስሙን የያዘው የናቀው ዋተርተን ነው። ተመራማሪው ፍሪማን በ1978 ባወጣው ጽሑፍ ሁለቱን ምስክርነቶች አገናኝቶ የዳርዊን መምህር ጆን ኤድመንስተን መሆኑን አመለከተ።

ዳርዊን በቢግል መርከብ ሲጓዝ (1831–1836) ሙያውን ለረዳቱ ለሲምስ ኮቪንግተን አስተማረ። ሁለቱ በጋላፓጎስ ደሴቶች የሰበሰቧቸው የአእዋፍ ቆዳዎች ለንደን ደርሰው፣ በ1837 የአእዋፍ ሊቁ ጆን ጉልድ መረመራቸው።