እቴጌ ጣይቱና የውሃ ነገር

ተማሪዎች ሆይ፣ የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው የዓድዋ ጦርነት ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የውሃን ፈለግ ተከትላችሁ ብታነቡ ግን የአስተዋይነታቸውን ምንጭ በቀላሉ ታገኛላችሁ።

ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መኖሪያቸው የሆነው የእንጦጦ ተራራ ለመከላከያ ቢመችም ብርዱና ነፋሱ የሚያስመርር፣ ማገዶውም የሚቸግር ነበር። ከተራራው በታች፣ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት ሜዳ ግን ፍል ውሃ ይፈልቅ ነበር። የዝናብ ውሃ ወደ መሬት ጥልቅ ሰርጎ በጋለ ዓለት ይሞቅና ማዕድናትን አሟሙቶ በመሬት ስንጥቅ በኩል ተመልሶ ይወጣል። ሰዎችም ለቍርጥማትና ለቆዳ ሕመም መድኃኒት ነው እያሉ ይታጠቡበት ነበር።

ጣይቱ ለመታጠብ ወደዚያ ሲወርዱ የቦታውን ተስማሚነት አስተዋሉ። በንጉሡም ፈቃድ በ1879 ዓ.ም. በአካባቢው ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። መኳንንቱና ሠራዊቱም ተከትለው በዙሪያው ሠፈሩ። ጊዜያዊ መታጠቢያ የነበረው ሰፈር በዚህ ዓይነት የአገር ዋና ከተማ ሆነ። ይሁን እንጂ ቀድሞ በሜዳው ይኖሩ የነበሩ ኦሮሞዎች ከመሬታቸው መነሣታቸውን ልትዘነጉ አይገባም።

በ1888 ዓ.ም. ጣይቱ የኢጣልያን ወረራ ለመመከት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ዘመቱ። በመቀሌ የኢጣልያ ጦር የያዘው ምሽግ በውጊያ አልሰበር አለ። እቴጌይቱ ግን ምሽጉ ውሃ የሚቀዳው ከውጭ ካለ ምንጭ መሆኑን ተረድተው ምንጩ እንዲያዝ መከሩ። ምንጩ በተያዘ በሁለት ሳምንት ገደማ ጠላት በውሃ ጥም ተጨንቆ ምሽጉን ለቀቀ። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ ደግሞ ሴቶችን አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ አሳደሉ።

ጣይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ። የመጨረሻ ዓመታታቸውን የቆረቆሯትን ከተማ ቁልቁል በሚያሳየው በእንጦጦ አሳልፈው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው ከምንጭ ጠጥቶ ወይም ታጥቦ ይመለሳል። ጣይቱ ግን በፍልውሃ ከተማን፣ በመቀሌ ድልን አዩ። እናንተም በየቀያችሁ ዘወትር እያያችሁ የምታልፉትን ነገር ቆም ብላችሁ መርምሩ።