የፓይለት ሰዓት ከየት ይጀምራል? የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ሕይወት

ገርጂ፣ ጎሮ ወይም ቦሌ ሚካኤል ለምትኖሩ የአውሮፕላን ድምፅ ብርቅ አይደለም። አንድ ጥያቄ ግን እናንሳ። በረራ ዘግይቶ መንገደኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያዛጋ፣ የፓይለቱ ሰዓት እየቆጠረ ነው ወይስ አልጀመረም?

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ትርጉም፣ የበረራ ሰዓት የሚጀምረው አውሮፕላኑ ለመነሳት ብሎ ከቆመበት ንቅንቅ ሲል ነው። የሚያበቃው ደግሞ በረራው አልቆ ጭራሽ ሲቆም። ስለዚህ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ማኮብኮቢያው ጋ ወረፋ ቢጠብቅ ይቆጠራል። ከዚያ በፊት ጭጋጉ እስኪገፈፍ፣ ብልሽት እስኪጠገን የሚጠበቀው ግን አይቆጠርም። እሱ ዲዩቲ በሚባለው የሥራ ሰዓት ውስጥ ይገባል፤ ይህ የሚያዘው በዋናነት ፓይለቱ ከልክ በላይ እንዳይደክም ነው። ብዙ አየር መንገዶች ክፍያቸውን የሚያያይዙት ከበረራ ሰዓቱ ጋር ስለሆነ፣ መሬት ላይ የሚያልፈው ጊዜ ሁሌም ያከራክራል።

ይሄን ስናስብ ትዝ የሚሉን ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ናቸው። የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ መሬት ላይ የተሠራ ነዋ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሮቢንሰን በ1903 አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ተወልደው ሚሲሲፒ ውስጥ አደጉ። ተስኪጊ በሚባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት መካኒክነት ተማሩ። ከዚያ ቺካጎ ሄደው ከርቲስ ራይት የተባለውን የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ደጅ ጠኑ። ጥቁር ስለሆኑ አልተቀበላቸውም። ምን አደረጉ? እዚያው የጽዳት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። መጥረጊያቸውን ይዘው ክፍሉን እየጠረጉ ትምህርቱን በጆሯቸው ለቀሙት። በኋላ ትምህርት ቤቱ ራሱ ተማሪ አድርጎ ተቀበላቸው፤ ተመረቁም። ከጓደኛቸው ኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ሆነው ሌሎች ጥቁር አብራሪዎችን ማሰባሰብ ያዙ።

በ1934 የአሜሪካ የሠራተኛ ቦርድ አንድ ፓይለት በወር ከ85 ሰዓት በላይ እንዳይበር ወሰነ። ክፍያውም እንዴት እንደሚሰላ ደነገገ፤ በሰዓቱም በርቀቱም። ለፓይለቶች ትልቅ ድል ነበር። ለሮቢንሰን ግን ምንም አልጠቀመ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ አየር መንገዶች ጥቁር ፓይለት አይቀጥሩም ነበር። ያልተቀጠረ ሰው ሰዓቱን ማን ይቆጥርለታል?

በ1935 ጥሪ መጣ። አሜሪካ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን ለኢትዮጵያ የሚሆን ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። ሮቢንሰን እሺ ብለው መጡ። የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው አየር ኃይሉን እንዲመሩ ተሾሙ። አየር ኃይል እንበለው እንጂ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ መሣሪያ ያልታጠቁ አውሮፕላኖች ናቸው። ጣሊያን ኦክቶበር 3፣ 1935 አድዋን በቦምብ ስትደበድብ ሮቢንሰን እዚያው ነበሩ። በጦርነቱ ወራት ከአዲስ አበባ ወደ ግንባር መልእክትና ሰው እያመላለሱ በረሩ። መለዋወጫ በሌለበት አገር አንዲት አውሮፕላን እንድትነሳ በመጀመሪያ መሬት ላይ ስንት ልፋት አለ! የመካኒክነት ትምህርታቸው የጠቀመው እዚህ ላይ ነው።

በ1936 አዲስ አበባ ከመያዟ በፊት ወጡ። ቺካጎ ላይ ሺዎች ወጥተው እንደ ጀግና ተቀበሏቸው። እዚያው ዝናቸውን ይዘው መኖር ይችሉ ነበር። በ1944 ግን ከጥቂት ባለሙያዎች ጋር ተመልሰው መጡ። ቦሌ ኤርፖርት ገና አልተሠራም። የጦርነቱ ጠባሳ ባልሻረባት ከተማ ወጣት ኢትዮጵያውያንን አብራሪነትና ጥገና ማስተማር ጀመሩ።

አንዳንዶች የኢትዮጵያ አየር መንገድ መሥራች ይሏቸዋል። አየር መንገዱ የተቋቋመው በ1945 ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው፤ የመጀመሪያ በረራውን በ1946 ወደ ካይሮ አደረገ። የሮቢንሰን ድርሻ ሌላ ነው። አብራሪነት የፈረንጅ ሥራ ብቻ በሚመስልበት ጊዜ ሐበሻ ልጆችን አስተምረዋል።

ማርች 1954 አዲስ አበባ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ተጎድተው ከቀናት በኋላ አረፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ዓለማየሁ አበበ በአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። ሮቢንሰን ያንን ቀን አላዩም።

የፓይለት መዝገብ የሚጽፈው ጎማው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ያለውን ነው። ጽዳት፣ ጥገና፣ ማስተማርና መጠበቅ እዚያ ላይ ቦታ የላቸውም። በእኛ እምነት ግን የሮቢንሰን ትልቁ ውለታ ያለው በእነዚያ ባልተመዘገቡት ሰዓቶች ውስጥ ነው። እናንተስ በሥራችሁ የማይቆጠርላችሁ ሰዓት የትኛው ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።