ጥላሁን እና የተቀዳው ካሴት

ጥላሁን ገሠሠ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ ወሊሶ አደገ። ሀገር ፍቅር ቴአትር ገባ፤ ከዚያ ክብር ዘበኛ። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታሰረ፤ ሲፈታም መዝፈኑን ቀጠለ።

በደርግ ዘመን ሸክላ በካሴት ሲተካ ድምፁ የየሰዉ ቤት ገባ። ጎፋ እኛ ቤትም ካሴቶቹ አሉ፤ ግማሾቹ ከጎረቤት የተቀዱ። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ ሒሳቡ ያሳስበኛል። ከተቀዳ ካሴት ዘፋኙ ሳንቲም አያገኝም። ግን ባዶ ካሴት ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰውም ጥላሁንን የሰማው በዚሁ መንገድ ነው።

ራሱን የቻለ የቅጂ መብት አዋጅ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ዐረፈ፤ ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ካለቀሰለት ሕዝብ ስንቱ ኦሪጅናሉን ገዝቶ ይሆን?