የአርተር ራምቦ የሐረር ዓመታትና በስሙ የሚጠራው ቤት ጌጥ

በሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ብዙም ሳይርቅ፣ የራምቦ ቤት የሚባለው ባለ ፎቅ ሕንፃ ይገኛል። የጣሪያው ሥዕልና ባለ ቀለም መስኮቶቹ የታወቁ ናቸው። የአሮጌ ሕንፃ ጥገና የጠፋ የግድግዳ ወረቀትን ወይም የተላጠ ሥዕልን መልሶ እስከ መሥራት ሲደርስ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጌጡ የማንና የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። በዚህ ቤት ረገድ መለያው የባለስሙ የሕይወት ታሪክ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ራምቦ በ1854 በሰሜን ፈረንሣይ በሻርልቪል ተወለደ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የሀገሩን ሥነ ግጥም መልክ የለወጡ ሥራዎች ጽፎ፣ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ግጥምን ተወ። በ1880 በዓደን በአልፍሬድ ባርዴ የንግድ ቤት ተቀጠረ፤ ወደ ሐረር ከመነሣቱ በፊትም የጋሪ፣ የቆዳ፣ የጡብና የመስታወት ሥራ መማሪያ መጻሕፍት እንዲላኩለት ለቤተሰቡ ጻፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐረር ሲደርስ ከተማዋ በግብፅ ጦር እጅ ነበረች። የንግድ ቤቱ ማረፊያ፣ ራዑፍ ፓሻ ይኖርበት ነበር የሚባለው የፈረስ መጋላው ፎቅ ቤት ነበር።

በ1883 የቅርንጫፉ ኃላፊ ሆኖ ሲመለስ የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጣ። ከዚያ ዓመት የተረፉት የታወቁ የራሱ ምስሎች ሦስት ናቸው፤ አንዱ በሰገነት ላይ፣ ሁለቱ በቡናና በሙዝ ተክል መካከል የተነሡ። ሦስቱም የደጅ ምስሎች ናቸው። ለጠጋኝ ባለሙያ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ከምስሎቹ የክፍሉን ግድግዳ ቀለም እንኳ መገመት አይቻልም።

ግብፆች በ1885 ለቀው ከወጡ በኋላ፣ ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው በ1887 መጀመሪያ ከተማዋን ያዙ። ራምቦ ያን ጊዜ መሣሪያ ይዞ ወደ ሸዋ በጉዞ ላይ ነበር፤ የሽያጩን ገንዘብ ለመቀበልም በኋላ ራስ ወደ ሆኑት ወደ ደጃዝማች መኰንን ሐረር መጣ። ከ1888 ጀምሮ በራሱ ንግድ ከተማዋ ውስጥ ተቀመጠ። በሚያዝያ 1891 ጉልበቱ አብጦ በአሥራ ስድስት ተሸካሚዎች በቃሬዛ ወደ ዘይላ ተወሰደ። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ ኅዳር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ሞተ።

ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቤት ያሠራው ግን፣ ራምቦ ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ስለዚህ የጣሪያው ሥዕል ከባለቅኔው ዓይን ጋር አልተገናኘም። በ1880ዎቹ የፈረንሣይ የአበባ ወረቀት ክፍሎቹን ማስጌጥ ለጎብኚ ይማርክ ይሆናል፤ በእኔ አስተያየት ግን ፈጠራ ነው፤ ያለውንም የህንዳዊውን ሥራ ይደመስሳል።

መልሶ የሚሠራው ሰው መጀመሪያ ብርሃንና እጅ ያልደረሰባቸውን ማዕዘኖች ይፈልጋል፤ ከክፈፍ ሥር ቅንጣት ወስዶ የቀለሙን ንብርብር በማይክሮስኮፕ ይቆጥራል፤ ሐረጉ በስንት ስንዝር እንደሚደገም ይለካል። የቲታኒየም ነጭ ቀለም ለገበያ የዋለው በ1910ዎቹ ማብቂያ ገደማ በመሆኑ፣ የተገኘበት ንብርብር ኋላ የተቀባ እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይችልም። አዲሱ ሥራም ከአሮጌው በቅርብ ሲታይ እንዲለይ ተደርጎ፣ ሲያስፈልግ ሳይጎዳ በሚነሣ ቀለም ይሞላል። ራምቦን ለማሳየት እርሱ ራሱ ያነሣቸው ፎቶግራፎች አሉ፤ ጣሪያው በነጋዴው ስም ቢመዘገብ ያንን አያጎድልበትም።