ኧርነስት ራዘርፎርድ እና ከስምንት ሺህ አንዷ



መድረሳ ሱረቱ ዘልዘላህን የቀራን ሁሉ «ዘራህ» የምትለውን ቃል እናውቃታለን። ሙፈሲሮች ትንሽዬ ጉንዳን ወይም በፀሐይ ጨረር ውስጥ የምትታይ ብናኝ ብለው ፈስረዋታል። የዛሬው ዐረብኛ አቶምን የሚጠራውም በዚሁ ቃል ነው። (ከዚህ ተነስቶ ቁርኣን የፊዚክሱን አቶም ነግሮናል ብሎ መቸኮል ግን ተገቢ አይመስለኝም፤ ቃሉ ለሳይንሱ የተሰጠው በኋላ ነው።) የአቶምን ውስጥ ከገለጡት ሰዎች ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ኧርነስት ራዘርፎርድ ነው።

ራዘርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1871 ኒውዚላንድ ውስጥ በኔልሰን አቅራቢያ ተወለደ። እናቱ አስተማሪ ነበረች፤ እሱ ከ12 ልጆች አራተኛው ነው። በ1895 ወደ እንግሊዝ የወሰደውን ስኮላርሺፕ ያገኘው እንኳ መጀመሪያ የተመረጠው ሰው ስለተወው ነው። ቀደር ነው! ካምብሪጅ ውስጥ ከጄ ጄ ቶምሰን ሥር ተማረ፣ ከዚያም ካናዳ ሠራ፣ በ1908 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። ትልቁ ሥራው ግን ገና አልመጣም ነበር።

በዚያን ጊዜ ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። በወቅቱ የታወቀው የአቶም ሥዕል የመምህሩ የቶምሰን ነው፦ ፖዘቲቭ ቻርጁ በአቶሙ ሙሉ ተበትኖ ኤሌክትሮኖች በውስጡ ተሰክተዋል። እንዲህ ከሆነ ፈጣኖቹ የአልፋ ቅንጣቶች ስስ ብረት ሲመቱ ትንሽ ዘንበል ቢሉ እንጂ ወደ ኋላ አይመለሱም። በ1909 ራዘርፎርድ የሚመለስ ካለ እንዲያይ ገና ላልተመረቀው የ20 ዓመት ተማሪ ለኧርነስት ማርስደን ሥራ ሰጠው። ራሱም ይመለሳሉ ብሎ አልጠበቀም። ማርስደንና ሃንስ ጋይገር ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይናቸው እስኪለምድ ተቀምጠው በዚንክ ሰልፋይድ ስክሪን ላይ ብልጭ የሚሉትን ነጥቦች በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ቆጠሩ። በፕላቲኒየም ሲሞክሩት ከ8,000 ገደማ አንዷ ተመልሳ መጣች።

ከ8,000 አንድ! እኛ ላብ ውስጥ ከግራፉ መስመር የወጣችን ነጥብ ምን እንደምናደርጋት እንተዋወቃለን። እኔም መስመሩ እንዲያምርልኝ ብዬ አንዷን ሪፖርቴ ላይ ሳልጽፋት ትቻለሁ፤ አማና መሆኗ ትዝ ያለኝ ካስረከብኩ በኋላ ነው። እነሱ ግን ያችን አንዷን አልጣሏትም። ራዘርፎርድ ከአንድ ዓመት በላይ ሲያስብባት ቆይቶ በ1911 መልሱን አወጣ፦ ፖዘቲቭ ቻርጁና ክብደቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ መሃል ላይ ታጭቋል፤ ይህ መሃል ከአቶሙ ከ10,000 ጊዜ በላይ የጠበበ ነው፤ የቀረው ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። ይህ ማለት የገዛ መምህሩን ሥዕል መጣል ነበር። መጀመሪያ ብዙ ሰሚ አላገኘም፤ የገነነው በ1913 ኒልስ ቦር በላዩ ሲገነባበት ነው።

በ1919 ከናይትሮጅን የሃይድሮጅን ኒውክለስ ማስወጣቱን አሳወቀ፤ በዚያው ዓመት የካምብሪጁን ካቨንዲሽ ላብራቶሪ ከቶምሰን ተረከበ። በ1937 ሲሞት ለንደን ዌስትሚኒስተር አቢ ውስጥ ከኒውተን አጠገብ አረፈ። ቆጣሪው ማርስደን በ1915 ወደ መምህሩ አገር ኒውዚላንድ ሄዶ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኗል።