አፄ ዘርዓ ያዕቆብና የምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕል

ድንግል ማርያም ልጇን ታቅፋ የምትታይበትና ምስለ ፍቁር ወልዳ በመባል የሚታወቀው ሥዕል በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ለያዘው ከፍተኛ ስፍራ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ድርሻ ጉልህ ነው።

የአፄ ዳዊት ልጅ የሆኑት ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ በ1399 ገደማ በፈጠጋር ተወለዱ። በዘመኑ ሥርዓት መሠረት ከሌሎች የነገሥታት ልጆች ጋር በአምባ ግሸን በግዞት ለዓመታት ኖሩ። በ1434 ከአምባው ወርደው ዙፋኑን ያዙ፤ ሥርዓተ ንግሣቸውም በ1436 በአክሱም ተፈጸመ።

ንጉሠ ነገሥቱ የሃይማኖት አንድነት ለመንግሥት አንድነት መሠረት ነው የሚል ጽኑ አቋም ነበራቸው። በዚህም መሠረት በአባታቸው ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ በዓመት 33 የማርያም በዓላት እንዲከበሩና ለሥዕሏም ስግደት እንዲቀርብ ደነገጉ። በግብፅ የሚገኝ የማርያም ቤተ ክርስቲያን መፍረሱን በሰሙ ጊዜም በተጉለት ደብረ ምጥማቅን አሠሩ።

ድንጋጌው የሠዓሊያንን ሥራ አስፋፋ። ቀደም ሲል በአብዛኛው በብራናና በግድግዳ ላይ ይሣል የነበረው የእናትና የልጅ ምስል በእንጨት ገበታ ላይ በብዛት መሣል ጀመረ። ከሠዓሊያኑ መካከል ስመ ጥሩው መነኩሴ ፍሬ ጽዮን ነው። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው ሥዕሉ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን መሣሉን የሚገልጽ ጽሑፍ ከሠዓሊው ስም ጋር ሰፍሮበታል። በዚያ ዘመን ሠዓሊ ስሙን በሥራው ላይ ማኖሩ እምብዛም የተለመደ አልነበረም።

ይሁንና ድንጋጌው ያለ ተቃውሞ አልተፈጸመም። ደቂቀ እስጢፋኖስ በመባል የሚታወቁት መነኮሳት ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል በማለት ለሥዕልና ለመስቀል መስገድን አልቀበል አሉ። በዚህም ሳቢያ ለእስራት፣ ለግርፋትና አካልን ለሚያጎድል ከባድ ቅጣት ተዳረጉ። የሃይማኖት አንድነትን ለማምጣት የወጣው ሕግ በቤተ ክርስቲያኒቱ ልጆች መካከል ብርቱ መለያየትን አስከተለ።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዘመነ መንግሥታቸው ማብቂያ ዓመታት መናገሻቸውን በደብረ ብርሃን አድርገው በ1468 አረፉ። አፅማቸውም የፍሬ ጽዮን ሥዕል በሚገኝበት በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ተጠብቆ ይገኛል።